ጉልበት ወይም ዳሌ ልታስቀይሩ ነው? መጀመሪያ ጥርሳችሁን አሳዩ

ገና አዲስ አገር ገብታችሁ ሳለ ሐኪሙ ለእናንተ ወይም አብረዋችሁ ላሉት ወላጆች ጉልበቱ ወይም ዳሌው በሰው ሠራሽ ይቀየር ካለ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን እስኪቆረጥ አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ያዙ።

ጥርስና ጉልበትን ምን አገናኛቸው? ደም። በተበላሸ ጥርስ ወይም በታመመ ድድ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ አዲሱ ብረትና ፕላስቲክ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ እዚያ ከተጣበቀ ደግሞ በላዩ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ አንቲባዮቲክ እንኳ በቀላሉ አያጠፋውም። መነሻው ከየትም ይሁን እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን የሚይዘው ጉልበት ወይም ዳሌ ካስቀየሩ 100 ሰዎች 1 ወይም 2 ገደማ ነው። ግን ከያዘ መከራ ነው። አንዳንዴ የገባው ይወጣል፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ይወሰዳል፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ይገባል።

«እኔ ጥርሴን አያመኝም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሥሩ ላይ መግል የቋጠረ ጥርስ ለረጅም ጊዜ ድምፁን ሊያጠፋ ይችላል፣ የሚያጋልጠው ኤክስሬይ ነው። ስትቦርሹ ድዳችሁ የሚደማ ከሆነም ተናገሩ።

ቀደም በሉ የምለው፣ ጥርስ ከተነቀለ ቁስሉ የሚድንበት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ነው። በዚያ ላይ በብዙ አገር የጥርስ ሕክምና ለብቻው ስለሚሸፈን ቀዶ ጥገናውን የሚከፍል ኢንሹራንስ ጥርሱን ላይከፍል ይችላል፤ ደውላችሁ አጣሩ። ካልከፈለ፣ ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር የሚያክሙባቸውን የዩኒቨርሲቲ የጥርስ ክሊኒኮች ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ይቀንሳል።

ቋንቋው ገና ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፣ ብዙ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ። እባካችሁ ልጅ አታስተርጉሙ። የጥርስ ሐኪሙ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በትክክል ማወቅ አለበት፣ በተለይ የደም ማቅጠኛና የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፤ ይህ ለልጅ የሚጣል ሸክም አይደለም። ሕክምናው ሲያልቅ አፋችሁ ከኢንፌክሽን ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለቀዶ ሐኪሙ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ያህል የማያስቸኩል የጥርስ ሥራ እንዲዘገይ ይመክራሉ። ጥርስ ካመማችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ግን ዛሬውኑ ደውሉ። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አትዋጡ፤ ከጥርስ ሕክምና በፊት ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም፣ ለእናንተ ያስፈልግ እንደሆነ ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስኑ።