የጎርፍ ገንዘብ በሐምሌ አይሰበሰብም፦ አዳማ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

አዳማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ባሉት ኮረብቶች ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ መሃል ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ለጎርፍ መከላከያ ገንዘብ አዋጥተን ሥራ ስንጀምር ግን እንረሳዋለን። በየሰፈሩ ከኮሚቴዎች ጋር ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የጊዜው ነገር ነው። የምንሰበሰበው ጎርፉ ቤት ሲገባ ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ተናዷል፣ ሁሉም ለመክፈል ዝግጁ ነው። ኮሚቴ ይመረጣል፣ መዋጮ ይጀመራል። ከዚያ መስከረም ይጠባና ንዴቱ ይበርዳል። የበዓሉ ወጪ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይደራረባል። ጥቅምት ላይ ኮሚቴውን ብትፈልጉት የለም። መሬቱ ደርቆ ለቁፋሮ የሚመቸው ግን ያኔ ነው! የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በሐምሌ ጭቃ የተገነባ ግንብ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ጎርፍ ይመጣበታል። የሰው መዋጮም አብሮ ይሄዳል።

የመንግሥት በጀትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ልክ ክረምቱ ሲገባ። ጨረታ ወጥቶ ተቋራጭ እስኪመጣ ደግሞ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ጥር ላይ የጠየቃችሁት ቦይ፣ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ፣ የሚደርሰው ለቀጣዩ ዓመት ክረምት ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ሐምሌ ላይ ቢሮ ሄዶ መጮህ ጉልበት መጨረስ ነው። ጥያቄያችሁን በጀቱ ሳይጸድቅ፣ በጽሑፍ፣ ውሃው የገባባቸውን ቤቶች ፎቶ አያይዛችሁ አስገቡ። መሃል ላይ ያለውን ክረምት በራሳችሁ መዋጮ በሚሠራ ትንሽ ሥራ እለፉት።

ሌላው ስህተት መጨረሻውን ሳይጠይቁ ቦይ መቆፈር ነው። «ውሃው የት ይሄዳል?» ስል «ብቻ ከእኛ ይራቅ» ይሉኛል። አንድ ሰፈር ጥሩ አድርጎ በድንጋይ የገነባው ቦይ ያበቃው የአንዲት እናት አጥር ሥር ነበር። የግንብ ቦይ ውሃን ያፈጥናል። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ አጥራቸው ወደቀ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ለቦዩ ማስፋፊያ የተያዘው ገንዘብም አጥር መሥሪያ ሆነ። ቦይ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ትልቁን መስመር ወይም ውሃው የሚጠራቀምበትን ቦታ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ሰፈራችሁ ውጡ። ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይስፋ። መንገድ የሚያሻግረው ቱቦ ከቦዩ ከጠበበ ቦዩ ዋጋ የለውም።

ገንዘብ የሚጠየቀውም ውሃ የሚገባበት ሰው ብቻ መሆን የለበትም። ላይኛው ሰፈር ጊቢውን ሲሚንቶ ባፈሰሰና መንገዱን ኮብልስቶን ባነጠፈ ቁጥር፣ መሬት ይመጥ የነበረው ውሃ ወደ ታች ይለቀቃል። እነሱም ያዋጡ።

ኮረብታውን መርሳትም አለ። የአካባቢያችን አፈር ቀላል ነው፣ ቶሎ ይታጠባል። ላይ እርከን ካልተሠራ ታች ያለው ቦይ በደለል ይደፈናል። ደለል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የጎረቤታችንን የቆቃን ግድብ ማየት ይበቃል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀውና ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ ከላይ ከደጋው የወረደ ነበር። ከተማው ውስጥ ብቻ የሚሠራ መከላከያ ግማሽ ሥራ ነው።

«ውሃው ከዚህ አልፎ አያውቅም» ብሎ በድሮ ልክ መሥራትም ይቅር። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በአጭር ጊዜ ብዙ ያወርዳል። መጀመሪያ ሲቆፈር ትንሽ አስፍቶ መሥራት፣ በኋላ አፍርሶ እንደገና ከመሥራት በጣም ይረክሳል።

ለጽዳት ገንዘብ ያልተያዘለት ቦይ የፌስታልና የሃይላንድ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ገንዘቡን ማን ይያዝ? እድሩ አባላት፣ ደረሰኝና የለመደ ገንዘብ ያዥ አለው። ወርሃዊ ትንሽ መዋጮ ጨምሩበት፣ ዓመቱን ሙሉ ይሰብሰብ። ግን ከለቅሶ ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉት፤ የራሱ ሒሳብ ደብተር ይከፈትለት። አዲስ ኮሚቴ የሚገቡ ወጣቶችን እወዳቸዋለሁ፣ ጉልበቱም ፍላጎቱም አላቸው። ወጪውን በየወሩ ለሰፈሩ ሰው ማንበብ ግን አይታያቸውም። አንድ ወር ከተዘለለ ሐሜቱ ይጀምራል፣ መዋጮውም ይቆማል።

በመጨረሻ፣ በራችሁ ላይ ያለውን ቦይ በኮንክሪት አትድፈኑት። ልጅ እንዳይገባበት መክደን ያስፈልጋል፣ ልክ ነው። ክዳኑ ግን ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ የብረት መያዣ ያለው ይሁን፤ ግንቦት ላይ ተነስቶ መጠረግ አለበት።