ከድሬዳዋና ከሐረር መጥተው እንግሊዝ አዲስ ለገቡ፦ በባንክራፕሲ ጊዜ ለኑሮ የሚፈቀድ ወጪ

በእንግሊዝና በዌልስ ሰው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ባንክራፕሲ ሲገባ ሕጉ ደመወዙን ጠራርጎ አይወስድበትም። ለእሱና ለቤተሰቡ ኑሮ የሚበቃው ይቀርለታል፣ የሚተርፈው ለአበዳሪዎች ይሄዳል። የእኛን ሰው የሚያሳስተው «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የኪሳራ ሕግ ቤተሰብ ማለት አብሮዎት የሚኖርና በእርስዎ የሚተዳደር ሰው ነው። ሳቢያን ያሉት እናትዎና ጀጎል የሚማረው ወንድምዎ በእርስዎ እጅ ቢኖሩም አብረዎት ስለማይኖሩ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገቡም።

ስለዚህ የወጪ ፎርሙ ላይ ኪራይ፣ ካውንስል ታክስ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ስልክ ያገኛሉ እንጂ «ሐዋላ» የሚል መስመር አያገኙም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወደ ድሬ የሚልከውን 150 ፓውንድ ምግብ ውስጥ ይከተዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጉዳዩን የሚይዘው የመንግሥት ባለሥልጣን (ኦፊሻል ሪሲቨር) የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል፤ ሐዋላውም ደመወዝ በገባ በማግስቱ ከነቀኑ ተጽፎ ይገኛል። የሐሰት መረጃ መስጠት ወንጀል ነው፤ በባንክራፕሲ ላይ ያሉት ክልከላዎችም ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊራዘሙ ይችላሉ። ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደሚልኩ በግልጽ ይጻፉ። ለእናት የስኳር መድኃኒት ከሆነ የሐኪም ወረቀቱንና የፋርማሲ ደረሰኙን ከድሬ አስልከው ያያይዙ። ይፈቀድልኛል ብለው ግን አይመኑ። ካልተፈቀደ የሚልኩት ከራስዎ ምግብና ልብስ ቆጥበው ብቻ ስለሚሆን፣ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ቤት ደውለው መጠኑ እንደሚቀንስ ይንገሩ። ገንዘቡ በድንገት ሲቋረጥ እናት የምትገምተው ዕዳን ሳይሆን ሕመምን ወይም መረሳትን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በሳምንት የሚከፈለውን ወደ ወር ሲቀይሩ በ4 አያባዙ። በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉ። በሳምንት 60 ፓውንድ ለምግብ የሚያወጣ ሰው በ4 ቢያባዛ 240 ይጽፋል፤ እውነተኛው ግን 260 ነው። የቀረችው 20 ፓውንድ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በወር 20 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚተርፈው ሰው ነው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የሚጠየቀው። ማለትም በአንድ የማባዛት ስሕተት ብቻ ከፋይ ይሆናሉ። በየአራት ሳምንቱ የሚከፈልዎት ከሆነ በ13 አባዝተው ለ12 ያካፍሉ።

በዓመት አንዴ የሚመጣውንም አይርሱ፦ የክረምት ጃኬት፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ መነጽር፣ ጥርስ፣ የቲቪ ላይሰንስ። ጠቅላላውን ለ12 አካፍለው ያስገቡ። መብራትና ጋዝ በካርድ የሚሞሉ ከሆነ የሐምሌን ወጪ ብቻ አይተው አይጻፉ፤ ብርዱ ሲገባ በእጥፍ ሊያስወጣዎት ይችላል። እንጀራ፣ በርበሬና ቡና ምግብ ናቸው፤ እዚያው ይግቡ። ጫት ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ጀምሮ በብሪታንያ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ድሬ ወይም አወዳይ ላይ እንደምናየው የዕለት ወጪ አድርጎ መጻፍ አይቻልም። ቤት በጋራ የሚኖሩ ከሆነ የራስዎን ድርሻ ብቻ ያስገቡ። የትዳር ጓደኛ ካለዎት ገቢው ይጠየቃል፤ ዕዳዎን እንዲከፍል ሳይሆን የቤቱ ወጪ እንዴት እንደሚካፈል ለማየት ነው።

ባንክራፕሲ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወር ያበቃል። ከትርፍ ገቢ የሚከፈለው ግን እስከ 3 ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ «ዓመቱ አለቀ» ብለው ክፍያ የሚያቆሙ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ ሲቀንስ ወይም ልጅ ሲወለድ ወዲያው አሳውቀው መጠኑ እንዲታይ ይጠይቁ። ገቢዎ የመንግሥት ድጎማ ብቻ ከሆነ ይህን ክፍያ አይጠየቁም።

ዕቁብ ካለዎት፣ ወጥቶልዎት ገና የሚከፍሉት ዙር ካለ የቀረው ዕዳ ነው፤ ካልወጣልዎት ደግሞ ያስገቡት ገንዘብ ንብረትዎ ነው። ሁለቱም ይመዘገባሉ። «ባንኩ ይቅር፣ የዕቁብ ጓደኞቼን አላሳፍርም» ብሎ ለእነሱ ቀድሞ መክፈል ከልብ የመጣ ቢሆንም መልሶ እነሱን ይጎዳል፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 6 ወራት አስበልጠው የከፈሉት ከተቀባዩ ሊመለስ ይችላል፣ ለዘመድ ከሆነ 2 ዓመት ወደ ኋላ ይታያል። ሳቢያን ወይም ከዚራ ያለ ቤት በስምዎ ከሆነ እሱም ይጻፋል፤ ንብረት የትም አገር ይሁን ንብረት ነው። በነጻ ለእኅት ማዛወር መፍትሔ አይደለም፤ 5 ዓመት ወደ ኋላ ይመረመራል።

ባንክራፕሲ 680 ፓውንድ ያስከፍላል። ዕዳዎ ከ50,000 ፓውንድ ካልበለጠ፣ በወር የሚተርፍዎት ከ75 ካላለፈ፣ ንብረትዎም ከ2,000 በታች ከሆነ (መኪና እስከ 4,000 ለብቻው ይታያል) ዲ.አር.ኦ. (ዴት ሪሊፍ ኦርደር) የሚባለውን የዕዳ ማቅለያ ትዕዛዝ አስቀድመው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ክፍያ የለውም፤ የሚያስገባልዎት ግን ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅና ናሽናል ዴትላይን በነጻ ያማክራሉ፤ አማርኛ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ሲደውሉ ይጠይቁ። ወለድንና የዕዳ አስከባሪዎችን እርምጃ ለ60 ቀን የሚያስቆመውን «ብሪዚንግ ስፔስ»ም ማግኘት ይችሉ እንደሆነ እነሱ ያዩልዎታል። በእነዚያ ቀናት የየወሩ ኪራይ እንደሚቀጥል ግን ያስታውሱ።

ከማመልከትዎ በፊት ዕዳ በሌለብዎት ሌላ ባንክ ቀላል የሆነውን ቤዚክ አካውንት ይክፈቱና ደመወዝዎ ወደዚያ እንዲገባ አሠሪዎን ያሳውቁ። ውሳኔው እንደወጣ የድሮው አካውንት ሊታገድ ይችላል፤ ደመወዝ እዚያ ከገባ ኪራይና ምግብ መክፈያው ኦፊሻል ሪሲቨሩ እስኪያስለቅቅልዎት ድረስ ታግዶ ይቆያል።