የካምኮርደር ቪዲዮ ማቀናበሪያ ኮምፒውተር በቤት ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር በጎንደር የካሜራ ወር ነው። ጥምቀት በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ከተከበረ በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ቀረጻቸውን ቤታቸው ተቀምጠው ለማቀናበር ኮምፒውተር ስለመግዛት የሚጠይቁኝ ወጣቶች የሚበዙትም ያኔ ነው። አብዛኞቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡት በማይገባው ቦታ ስለሆነ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ኮምፒውተሩን አይከብደውም ብሎ ማሰብ

ከሁሉም ይበልጥ ኪስ የሚጎዳው ይህ ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው የካምኮርደር መቅረጫ ፎርማት፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸን የአንድ ሰዓት ምስል በ11 ጊጋባይት ገደማ ውስጥ ያኖራል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ምስል በሙሉ ስለማይመዘገብ ነው፤ አንዱን ሙሉውን ይይዝና ከተከታዮቹ የሚይዘው የተለወጠውን ብቻ ነው። ጠቋሚውን ወደ አንድ ቦታ በወሰዱ ቁጥር ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) ከአጎራባቾቹ እየለቃቀመ ያንን ምስል እንደገና መሥራት ይኖርበታል። ምስሉ እየተቆራረጠ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ ለፕሮሰሰሩ፣ ቀጥሎ ለራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው ለሚይዝበት ክፍል) ይስጡ፤ 16 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። ሰፊው ስክሪን ይቆይ። አቅም ካነሰ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከመለወጥዎ በፊት ፕሮክሲ ይሞክሩ፦ ሶፍትዌሩ ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጅልዎታል፤ እርስዎ በቅጂው ይቆርጣሉ፤ ሥራው ተጠናቆ ሲወጣ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ፕሮሬስ 422ን ወደመሰለ ለሥራ የሚመች ፎርማት መለወጥም ይቻላል። ያው አንድ ሰዓት ግን 55 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን የዲስክዎን ቦታ አስቀድመው ይመልከቱ።

ሁሉንም በአንድ ዲስክ ላይ ማጨቅ

ዊንዶውስና ሶፍትዌሩ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ዲስክ ላይ፣ ቀረጻው ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ይሰኩት።

ከካሜራው ሜሞሪ ካርድ ላይ ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጦ መቅዳት

ይህን የተማርኩት በአንዲት እናት ምርቃት ነው። ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ቀና ሲሉ እናትየው እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ» አሉ። «ክበዱ» የሚለው ግን የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ጠፍቷል። ካሜራዎቹ ረጅም ቀረጻን በአንድ ፋይል አያስቀምጡም፤ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ሲሞላ ይከፍሉታል። የተከፈሉት ቁርጥራጮች ያለ ክፍተት የሚገጥሙት ሶፍትዌሩ በሌሎቹ ፎልደሮች ካለው መረጃ ጋር አብሮ ሲያነባቸው ነው። እኔ ግን ኤምቲኤስ የተባሉትን የቪዲዮ ፋይሎች ብቻ አውጥቼ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ ሌላ ፎርማት ለውጬ፣ ሜሞሪውን አጥፍቼው ነበር። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እርስዎ የሜሞሪውን ይዘት ከነፎልደሮቹ እንዳለ ይቅዱ፤ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡ፤ ሁለቱንም ከፍተው ካዩ በኋላ ብቻ ሜሞሪውን ያጥፉ።

የካሜራውን አቀራረጽ ሳያዩ ፕሮጀክት መክፈት

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ካሜራ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 29.97 ምስል ይቀርጻል፤ ከአውሮፓ የመጣው 25። ሁለቱን ያለ ጥንቃቄ ሲቀላቅሉ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ፕሮጀክቱን አብዛኛው ቀረጻ በተወሰደበት ካሜራ ልክ ይክፈቱ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከአሜሪካ በመጣው ካሜራ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርጹ የአምፖሉ ብርሃን የሚርገበገብ ከሆነ የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ያድርጉት።

በካሜራው የአቀራረጽ ምርጫ ላይ 1080 አይ (1080i) የሚለውንም ልብ ይበሉ። «አይ» ማለት እያንዳንዱ ምስል በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተያዙ፣ ተራ በተራ የገቡ መስመሮች ድምር ነው ማለት ነው። እስክስታ ሲመታ ያስተውሉ፦ ትከሻው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ለስልክና ለኢንተርኔት የሚወጣ ከሆነ በሶፍትዌሩ ውስጥ መስመሮቹን ማዋሐድ ያስፈልጋል።

መብራቱንና ሙቀቱን መርሳት

መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ያልተቀመጠው ሥራ ብቻ አይደለም፤ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክም ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ይግዙ፤ ጥቅሙ ግን ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ሰዓታት ለመሥራት አይደለም። በራሱ የማስቀመጫ ጊዜውንም ወደ 5 ደቂቃ ያውርዱት።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ቆላ ላይ የሚወስደውን ያህል ሙቀት አይወስድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ የሚያወጣ ኮምፒውተር ደግሞ በጣም ይግላል። በር ባለው የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት። በበጋ አቧራው ሲበዛ ከመብራቱ ነቅለው ይክፈቱት፤ የማራገቢያውን ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይዘው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት።