ለጀልባ ስፒከር ቴፑ ይበቃል ወይስ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል? አገጣጠሙስ?

ቴፑ ፊት ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ተጽፎ ሳይ አምኜ ነበር። አራት ጥሩ ስፒከር ገዝቼ በቀጥታ ከቴፑ ጋር አገናኘሁ። ጀልባዋ ቆማ ሳለች ድምፁ ያስደስታል። ሞተሩ ተነስቶ ንፋሱ ሲመጣ ግን ምንም አይሰማም። ድምፁን ጨመርኩ፣ ደግሞ ጨመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ትዊተሮች፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ ስፒከሮች፣ ተቃጠሉ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ያ 50 ዋት ለቅጽበት የሚወጣው ጫፍ እንጂ ቴፑ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። አብዛኛው ቴፕ የሚሠራው በባትሪው ቮልቴጅ ልክ ነው። ከ12 ቮልት ወደ 4 ኦም ስፒከር ሊወጣ የሚችለው ንጹሕ ኃይል በስሌት 18 ዋት ገደማ ነው። ሞተር በርቶ 14.4 ቮልት ሲደርስ ደግሞ 26 ገደማ፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ቴፑ የድምፁን ጫፍ ጫፍ እየቆረጠ ነው የሚልከው። ትዊተር የሚገድለው ይህ የተቆረጠ ድምፅ ነው። አምፕሊፋየር (በአጭሩ አምፕ) ግን የባትሪውን ቮልቴጅ ውስጡ ከፍ አድርጎ ስለሚጠቀም ኃይሉ ሳይቆረጥ ይወጣል።

ጀልባ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጠፋል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ብቻ ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 18 ዋት ቶሎ የሚያልቅበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ጀልባዎ ትንሽ ከሆነች፣ ስፒከሩ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ የሚያዳምጡትም ጀልባዋ ቆማ ሳለች ከሆነ ቴፑ ይበቃል። ገንዘብዎን አያውጡ። እየነዱ መስማት ከፈለጉ ግን አምፕ ይግጠሙ።

መጀመሪያ አምፑን ይምረጡ። ትልቁን ቁጥር ትተው አርኤምኤስ (RMS) የሚለውን ይዩ፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል እሱ ነው። ለአራት ስፒከር በቻናል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ስፒከር በሚሄደው መውጫ፣ 50 ዋት አርኤምኤስ ጥሩ መነሻ ነው። ክላስ ዲ የሚባለውን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱም የባትሪ ፍጆታውም ያነሰ ነው። የመኪና አምፕ ረከሰ ብለው አይግዙ። ሰሌዳው ከእርጥበት የሚከላከል ሽፋን ስለሌለው ጨዋማ አየር ይበላዋል።

ቀጥሎ ቦታ። ደረቅና አየር የሚያገኝ ይሁን፣ ውሃ ከሚጠራቀምበት ከጀልባዋ ወለል በታች አይሁን። የቤንዚን ታንክ ወይም የቤንዚን ሞተር ባለበት ክፍል በፍጹም አያድርጉት፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ስፒከሮቹንም ከኮምፓስ ያርቁ፣ ማግኔታቸው መርፌውን ያዞረዋል።

ሽቦው ላይ አይቆጥቡ። አራት ጊዜ 50 ማለት 200 ዋት ነው። የሚባክነው ሲታከል 250 ዋት ገደማ ከባትሪው ይወጣል፤ ይህም ወደ 21 አምፔር ነው። ባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ መንገዱ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ይሆናል። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ከ12ቱ ቮልት 0.9 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ግን 0.2 ብቻ። በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይግዙ፤ ተራው መዳብ ውስጥ ውስጡን ይጠቁራል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ18 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን። ብዙ ሰው አምፑ አጠገብ ያደርገዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው መሃል ላይ ተላጦ ቢነካካ አምፑ ጋ ያለ ፊውዝ እሳቱን አያቆመውም። ኔጌቲቩም እንደ መኪና በአካሉ አይመለስም። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አሉሚኒየም ደግሞ በዚህ ምክንያት ይበላል። ስለዚህ ኔጌቲቭ በራሱ ሽቦ እስከ ባትሪው ይሂድ። መጋጠሚያዎቹን በመጭመቂያ ፒንሳ ጨምቀው በሙቀት በሚሸበሸብ፣ ውስጡ ሙጫ ባለው ፕላስቲክ ይሸፍኑ። በሊድ ብቻ የተበየደ መጋጠሚያ ከንዝረት የተነሳ ይሰነጠቃል።

ከቴፑ የድምፁን ምልክት የሚወስዱትን አርሲኤ (RCA) ገመዶችና አምፑን የምታስነሳዋን ቀጭን ሽቦ ይሳቡ። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መስመር ያላት ሰማያዊ ናት። አርሲኤው ከኃይል ሽቦው ጋር አብሮ አይታሰር።

አሁን ዋናው፣ አምፑ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው መዞሪያ። እኔ ጌይን የድምፅ መጨመሪያ መስሎኝ እስከ ጥግ አዞርኩት። አዲሶቹን ስፒከሮች በአንድ ከሰዓት ጨረስኳቸው፤ ያውም በአዲስ አምፕ። ጌይን ሥራው የቴፑን ምልክትና አምፑን ማመጣጠን ብቻ ነው። ሲበዛ አምፑም እንደ ቴፑ መቁረጥ ይጀምራል፣ ያውም በትልቅ ኃይል።

በጆሮ ለማስተካከል አይሞክሩ። ጆሮ መቆረጡን የሚሰማው ከረፈደ ነው። ቮልት የሚለካ ቴስተር ይያዙ። ሞተሩን አስነስተው የስፒከር ሽቦዎቹን ከአምፑ ይንቀሉ። ቴፑ ላይም አምፑ ላይም ቤዝ መጨመሪያውንና ማጣሪያውን ሁሉ ያጥፉ። ጌይኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። የቴፑን ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው በ0 ዴሲቤል፣ ማለትም ሳይቆረጥ በሚቻለው ከፍተኛ መጠን፣ የተቀረጸ የ60 ኸርዝ ድምፅ ያጫውቱ። ርካሽ ቴስተር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሳሳት ነው 60 የምመርጠው። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው በአምፑ መውጫ ይያዙ።

የሚፈልጉት ቁጥር በስሌት ይገኛል። ዋቱን በኦሙ አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። 50 በ4 ሲባዛ 200፣ ሩቱ 14.1 ቮልት። ስፒከሩ 40 ዋት ብቻ የሚችል ከሆነ 12.6። ጌይኑን በቀስታ እያዞሩ እዚያ ሲደርስ ያቁሙ። ሌሎቹንም ቻናሎች እንዲሁ። ከዚህ በኋላ ቴፑን ከሦስት አራተኛው አያሳልፉት፤ ቦታውንም በቀለም ምልክት ያድርጉበት።

አምፑን አጥፍተው ስፒከሮቹን መልሰው ያያይዙ። ማጣሪያውን 80 ኸርዝ ላይ አድርገው ከዚያ በታች ያለው ድምፅ እንዳያልፍ ያድርጉ። ትንንሽ ስፒከሮች ዝቅተኛውን ቤዝ ለማውጣት ሲታገሉ ነው የሚደክሙት።

ባትሪ ካልለዩ ደግሞ መመለሻ ያጣሉ። ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ለሙዚቃ አይንኩት፣ ሁለተኛ ይግጠሙ።

በመጨረሻ ሙዚቃውን ዝቅ አድርገው ሞተሩን ያስነሱ። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከሰሙ ከዲናሞው የመጣ ነው። አምፑን ከመንካትዎ በፊት አርሲኤው ከኃይል ሽቦው ጋር የተቀራረበበትን ቦታ ይፈልጉና ያራርቋቸው።