የዊልቸር መኪና ለመለገስ ላሰባችሁ፣ ከጅማ

አባዬ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ከኋላ ዊልቸር ከነሰውየው የምታነሳ ሊፍት ያላት ሃይሩፍ ሚኒባስ ናት፣ ለሱ ብለን ወንበሮቿን አስወጥተን ወለሏን ሜዳ ያደረግናት፣ ስለዚህ ለታክሲም አትሆን ለቤተሰብም አትመች። ደላላው ወዲያው መጣ፣ "ሊፍቱን ነቅላችሁ ወንበር መልሱባት፣ አሁን እኮ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ አሮጌ መኪና ወርቅ ነው" አለን። እውነቱን ነው ግን እማዬ እምቢ አለች፣ ለሚያስፈልጋት ሰው ትሂድ አለች። ቀላል መስሎን ጀመርነው፣ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው ሲያልቅ። እናንተ እንደኛ እንዳትንከራተቱ ያየነውን ልጻፍላችሁ።

ከወረቀቱ በፊት ለማን የሚለው ይቅደም። ጅማ ላይ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በምን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ በባጃጅ ነው። ሁለት ሰው አቅፎ ያስገባዋል፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ በገመድ ይታሰራል፣ ካልታጠፈ ደግሞ ለዊልቸሩ ለብቻው ሌላ ባጃጅ ይከፈላል። እኛም ሊፍቷ ከመሰራቷ በፊት አባዬን ከጅሬን ጅማ ሕክምና ማዕከል ድረስ እንዲህ ነበር የምናመላልሰው፣ ክረምት ላይ ጭቃው ሲጨመርበት ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ ደክሞት ያልቅ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ የምትጠቅመው የሚነዳት ካለ ብቻ ነው። ተቀባዩን ሦስት ነገር ጠይቁት፣ ሹፌሩ ማነው? ነዳጁን ማን ይከፍላል? ማታ የት ታድራለች? "እሱን እናስብበታለን" ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

እኛ ይሄን አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ድርጅት (ስሙ ይቅርብኝ) ቁልፍ ስናስረክብ ፎቶ ተነስቶ ጭብጨባ ምናምን ነበር፣ ከስድስት ወር በኋላ ሄጄ ሳያት ጎማዋ ተንፍሶ ውስጧ የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮባታል። ሹፌር የላቸውም፣ አልፎ አልፎ ዕቃ ያመላልሱባት ነበር፣ በዚያው መሀል አንዱ ባጃጅ ገጭቶባታል፣ ፖሊስ የደወለው ግን ለነሱ ሳይሆን ለኛ ነው! ለምን መሰላችሁ፣ ሊብሬው ገና በአባዬ ስም ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ ሌላ ሰው ቢነዳው እንኳ። ስም አለመዛወሩ መኪናዋን መልሰን ለመውሰድ ጠቀመን፣ ያው ስም ስላልተዛወረ ደግሞ ጣጣው በኛ ላይ ወደቀ። ምክሬ፣ ስመ ንብረት ሳይዛወር ቁልፍ አትስጡ።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። ዋናው ሊብሬ፣ ያልተቃጠለ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ (ባንክ ዋስትና ይዟት ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ)። ባለቤቱ በሕይወት ካለና ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። ከሞተ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቶ ወራሾች በሙሉ መፈረም አለባቸው፣ እኛ ጋ ሐዋሳ ያለው ወንድሜ ውክልና እስኪልክ ብቻውን ወር በላ። እዚህ ስም የሚዛወርበት ቢሮ የሚሰራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ተቀባያችሁ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ከሆነ የትርጉም ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። ተቀባዩ በአዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን እዩ፣ ማን ፈርሞ እንደሚቀበልም ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዞ ይምጣ።

አንድ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች፣ መኪናዋ ከቀረጥ ነጻ ገብታ ከሆነ። ለአካል ጉዳተኛ ተብለው ከቀረጥ ነጻ የገቡ መኪኖች አሉ፣ እነዚህን ተመሳሳይ መብት ለሌለው ስታስተላልፉ ቀረጡ ይጠየቃል፣ ስጦታ ነው ብትሉም አይሰማችሁም። ውል ከመጻፋችሁ በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስጦታ ውሉ ላይ ደግሞ ግዴታ ማስገባት ይቻላል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኛ ሁለተኛ ጊዜ ላይ "ሊፍቱ አይነቀልም፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች መጓጓዣ ብቻ ትውላለች" ብለን አስገባን። ተቀባዮቹ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ምንም አላሉም፣ እንዲያውም አለቆቻቸው ለመስክ እንዳይወስዱባቸው መከላከያ ሆነላቸው።

አሁን ወደ ሊፍቷ። ሞተሩን ማንም መካኒክ ያይላችኋል፣ ሊፍቷን ግን ራሳችሁ ፈትሹ፣ ምክንያቱም እሷ ካልሰራች የሰጣችሁት ተራ ሚኒባስ ነው። የኛ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) ነው የምትሰራው፣ ፓምፗ ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ባትሪ ይወስዳል፣ ስለዚህ መኪናዋ ብዙ ጊዜ ከቆመች ባትሪው ይሞትና ሊፍቷ የተበላሸች ትመስላለች። የምትችለው ክብደት የተጻፈበትን ፈልጉ፣ ሞተር ያለው ዊልቸር ለብቻው ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፣ ሰውየውን ሳትጨምሩ። ከዚያ ጭነት አስቀምጡባት፣ እኛ አንድ ኩንታል በቆሎ ጭነን ግማሽ ላይ አቆምናትና ሻይ ጠጥተን መጣን፣ አራት ጣት ያህል ወርዳ አገኘናት። ጎሚኒዋ ዘይት ያሳልፍ ነበር። ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት አስቀየርነው። ባትሪ ቢሞት ሰው አየር ላይ እንዳይቀር የእጅ ፓምፕ አላት፣ እጀታው ግን ሁሌም ይጠፋል፣ እኛ ከሹፌሩ ወንበር ስር በሽቦ አሰርነው። የጅማ ዝናብና እርጥበት ብረት አይምርምና መጋጠሚያዎቹን ለዝገት እዩአቸው።

ሊፍት ሳይሆን ራምፕ (ዊልቸሩ እየተገፋ የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ) ከሆነ ርዝመቱን ለኩ። ወለሉ ከመሬት 60 ሴንቲ ከሆነና 1 ለ 4 ተዳፋት ከፈለጋችሁ 2 ሜትር ከ40 የሚሆን ራምፕ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ ካጠረ ገፊው ይደክማል፣ ተቀማጩም ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ማሰሪያዎቹ አራት መሆን አለባቸው፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ የሚታሰሩትም ከዊልቸሩ ዋና ብረት ላይ ነው፣ ከጎማው ወይ ከክንድ ማሳረፊያው ላይ አይደለም። ዊልቸሩ ፊቱን ወደ ሹፌሩ አቅጣጫ ያዞራል። ዊልቸሩ ታሰረ ማለት ደግሞ ሰውየው ታሰረ ማለት አይደለም፣ ለሰውየው ለራሱ የወገብና የደረት ቀበቶ ያስፈልጋል። እኛ ይሄን የተማርነው አባዬን ለቀጠሮ አዲስ አበባ ስንወስደው ጊቤ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ዊልቸሩ ንቅንቅ አላለም፣ አባዬ ግን ወደፊት ሄደ። ደግነቱ እህቴ ደረቱን ይዛ ነበር።

ሞተሯ ያለቀላት ከሆነች ግን እባካችሁ ለድርጅት አትስጡ፣ ጋራዥ ወጪውን አይችሉትም። ሽጧትና በገንዘቡ ዊልቸር ግዙላቸው።

ርክክብ ቀን ቁልፍ ሰጥታችሁ አትሂዱ፣ ከሹፌሩ ጋር ግማሽ ቀን አሳልፉ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አብሮ ይኑር፣ መውጣት መውረዱን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ጋ አንዲት እትዬ ሊፍቷ ላይ ሆነው ሹፌሩን አምስት ጊዜ አወጡት አወረዱት፣ "ቀስ በል፣ ቡና አይደለሁም የምትጭነኝ" እያሉ። የዘይቱን ዓይነት፣ የማሰሪያዎቹን ብዛትና የእጀታውን ቦታ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉላቸው። ኢንሹራንሳችሁንም አሳውቁ፣ አዲሱ ሊብሬ በስማቸው ሲወጣ ኮፒውን ተቀብላችሁ አስቀምጡ፣ ነገ ፖሊስ ቢደውል የምታሳዩት እሱን ነው።