የዳይቪንግ (ባህር ውስጥ መጥለቂያ) እቃ ያላችሁ ወበቅ ያለበት አገር ከሆናችሁ
ኤምሬትስ ውስጥ ዱባይና ፉጀይራ አካባቢ ዳይቪንግ የምትወርዱ፣ እቃችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ቤት እንዳትገቡ በተለይ በጋውን፣ ሙቀቱ ጎማውን ያደርቀዋል እርጥበቱ ደግሞ ጨርቁን ያሻግተዋል። እኔ አንዴ ዌትሱቴን (የመጥለቂያ የጎማ ልብሴን) እርጥቡን ጠቅልዬ ረስቼው ስከፍተው ሽታው ጎረቤት ያስወጣ ነበር ሃሃ። አሁን ሁሉንም በንጹህ ውሃ አለቅልቄ ጥላ ላይ ነው የማደርቀው፣ ፀሐይ ላይ አይሆንም። ሬጉሌተሩን (ከአየር ሲሊንደሩ የሚያስተነፍሰውን እቃ) ስታጥቡ መጀመሪያ የአየር መግቢያውን ክዳን አድርቃችሁ ግጠሙት፣ ከሲሊንደሩ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ እያለም አፍ ላይ በሚያዘው ክፍል ያለውን ቁልፍ እንዳትጫኑት፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ቢሲዲው (በአየር የሚነፋው የመጥለቂያ ጃኬት) ውስጥም ጨው ውሃ ይቀራል፣ አለቅልቃችሁ ድፉትና ትንሽ ነፍታችሁ አስቀምጡት ካልሆነ ውስጡ ይጣበቃል። ከዛ ኤሲ ያለው ክፍል፣ ዌትሱቱን ሳታጥፉ ወፍራም መስቀያ ላይ። ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄልም አትጣሉት፣ ማስኩ ሳጥን ውስጥ ጣል አድርጉት።