ሸናንዶዋ ብሩክ ትራውት ለምታጠምዱ

ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ሸናንዶዋ ፓርክ ብሩክ ትራውት የሚባለውን የጅረት ዓሣ ልታጠምዱ ከሄዳችሁ ከጅረቱ ታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ይህ ዓሣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ነው የሚቆመው። ከኋላው ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡት። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ አለቀ፣ ድንጋይ ስር ይገባል።

የመንጠቆዋን ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ (ጫፏን አይደለም) ቀድማችሁ በፒንሳ ጨፍልቁ። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁን አርጥቡ፤ እባካችሁ ይህችን አትርሱ። ደረቅ እጅ የሚያሟልጨውን ሽፋኑን ይገፍፈዋል፤ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። መልሳችሁ ስትለቁት፣ ከተቻለ ከውሃ ሳታወጡት ከመንጠቆዋ ፍቱት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቴርሞሜትር ያዙ። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ለዚያን ቀን ተዉት፤ ብትለቁትም ላይተርፍ ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠጠሩ ተጠርጎ የነጣ ቦታ ካያችሁ አትርገጡት፣ እንቁላሉ እዚያ ነው።